ከትምህርት ቤት ሜዳ ወደ ክለብ፦ በለገዳዲና በአካባቢው ስለሚካሄደው የታዳጊ ሯጮች ምልመላ የቀረበ አስተያየት

ስለ ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ የሚወዱት ጥያቄ አላቸው፤ «እነዚህ ሰዎች ለምን ፈጣን ሆኑ?» የሚል። መልሱ በቦታ ከፍታ፣ በዘር ውርስ፣ በአመጋገብና በልጅነት አኗኗር ውስጥ ሲፈለግ ቆይቷል። ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀስ ነው። ጥናቱ ታላላቆቹ ሯጮች በብዛት የተገኙት ከአርሲና ከሸዋ መሆኑን፣ በልጅነታቸውም ከሌላው ሰው ይልቅ ረጅም መንገድ፣ ያውም በሩጫ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ግኝቱ በየመጽሔቱ ተደጋግሞ ተነግሯል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የነገሩ ሌላ ገጽታ ነው። ሯጩን የሠራው የትምህርት ቤት መንገድ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በታወቀ ማግስት ከሁሉ አስቀድሞ የሚተወው ያንኑ ትምህርት ቤት መሆኑ እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሣው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች በአንዱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበርሁ። አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ መልክዓ ምድሩን ማስታወስ አያስቸግረውም። በደሴ መንገድ ለገዳዲ አለ፤ ለዋና ከተማው ውኃ የሚልከው ግድብ ያረፈበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ባሻገር ሱሉልታ አለ፤ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል፤ የቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክና ያያ ቪሌጅ የሚገኙትም በዚያ ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ ላይ ናቸው። እነዚህ ከተሞች ዛሬ በአስተዳደር ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ተጠቃለዋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት በለገዳዲና በሰንዳፋ መካከል በመኪና ያለፈ ሰው በመንገዱ ዳር በረድፍ የሚሮጡትን ወጣቶች ሳያይ አይቀርም። ከእነርሱ መካከል ማንኛው ተማሪ፣ ማንኛው የክለብ ሯጭ፣ ማንኛው ደግሞ ሁለቱንም ያልሆነ ሥራ ፈላጊ እንደሆነ በዓይን መለየት ግን አይቻልም።

ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በትምህርት ቤቶች ውድድር የ3,000 ሜትር ሩጫ ላይ ከሁለተኛዋ ግማሽ ዙር ያህል ቀድማ ገባች። በሳምንቱ አንድ መልማይ መጣ። ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን የተጻፈው በአማርኛ ነበር፤ አባቷ ደግሞ የሚያነቡትም የሚናገሩትም ኦሮምኛ ነበር። አስተርጓሚው እኔ ሆንሁ። መልማዩ በቅድሚያ ያነበበው የወር ደመወዙን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም በጥሞና አልሰማም፣ እኔንም ጨምሮ። አባቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ትምህርቷስ?» አሉ። «እዚያም ይማራሉ» የሚል መልስ ተሰጣቸው። በወረቀቱ ላይ ስለ ትምህርት የተጻፈ ነገር አልነበረም። ይህን አውቅ ነበር፤ አልተናገርሁም። በማግስቱ መሸኛዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የምትለቅበት ምክንያት በሚለው ቦታ ላይም «በራሷ ፈቃድ» ብዬ ጻፍሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በማታ ትምህርት መመዝገቢያ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። የተረከዟ ጅማት ተጎድቶ አልድን ብሎ ኖሯል፤ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የእርሷም ውል አብሮ ተዘግቷል። የምትመዘገበው እንደገና ለ10ኛ ክፍል ነበር።

አንድ ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን የዚህ መድረክ አንባቢ አይስተውም፤ እኔም እንደ ማስረጃ አላቀረብሁትም። ያቀረብሁት ምልመላው በምን በምን እጅ እንደሚያልፍ ስለሚያሳይ ነው። የመጀመሪያው መልማይ ከክለብ የሚመጣው ሰው አይደለም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው። በቆጂ ላይ የሠለጠኑት ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በመጀመሪያ የታዩት በአንድ የትምህርት ቤት መምህር ዓይን ነው፤ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ወደ አሰልጣኝነት የመጡት ከሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ነበር። ከመምህሩ ቀጥሎ የታዳጊ ፕሮጀክቱ አሰልጣኝ፣ ከዚያም የወረዳና የክልል ውድድር፣ ከፍ ሲልም የጃን ሜዳው አገር አቋራጭ ይመጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሰዓት የሚይዝ ሰው አለ። የክፍል ውጤት የሚይዝ ሰው ግን ከመጀመሪያው ደረጃ በኋላ የለም።

የአትሌቲክሳችን ታሪክ ለዚህ የራሱ ምክንያት አለው። የታላላቆቹን ስም እንዴት እንደምንጠራ ልብ እንበል፦ ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ሻምበል ማሞ ወልዴ፣ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ። ማዕረጎቹ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ናቸው። አበበና ማሞ ከክብር ዘበኛ፣ ምሩጽ ከአየር ኃይል ነበሩ። በሀገራችን ሩጫ ከመነሻው ያደገው በመንግሥት ሠራዊት ውስጥ ነው፤ በኋላም መከላከያ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ፖሊስ፣ ኤሌክትሪክ፣ ንግድ ባንክ፣ ሙገር ሲሚንቶ የመሳሰሉት ክለቦች ሯጩን ሠራተኛቸው አድርገው ደመወዝ እየከፈሉ አሳደጉት። ይህ ሥርዓት ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ለገበሬ ልጅ ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ ሕክምናና የመንግሥት ሠራተኛ ክብር ሰጥቷል። ጥሩነሽ ዲባባ እህቷ ወደነበረችበት አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ምዝገባ አልፏት ወደ ማረሚያ ቤቶች ክለብ እንደገባች በሰፊው ተነግሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና ለጋ ወጣት ነበረች። እንዲህ ያለ ታሪክ በየመንደሩ ይተረካል፤ መተረኩም ይገባል። ጉዳቱ ያለፈ የምዝገባ ቀን እንደ መልካም አጋጣሚ መቆጠር መጀመሩ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወላጆች የሚያሰሉት በዚህ ስሌት ነው፤ ምዝገባው አልፏቸው ክለቡም ያልተሳካላቸው ግን በስሌቱ ውስጥ አይገቡም።

ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ለማየት ስፖርትን ከትምህርት ቤት ጋር አጥብቆ ያሰረችውን ሀገር መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ፉትቦል፣ ማለትም በእጅ በሚያዘው ኳስ፣ ራኒንግ ባክ የሚባል ተጫዋች አለ። ኳሱን ታቅፎ የተደረደሩትን ተከላካዮች ሰብሮ የሚሮጥ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተነሣ፣ የመላ ሀገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሰልጣኞች ቤቱን ይደጋግማሉ። በዚህ ረገድ ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ የማርከስ ዱፕሪን ያህል አስተማሪ አላገኘሁም። ዱፕሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ፊላደልፊያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በዚያው ዓመት ሦስት የሲቪል መብት ተሟጋቾች የተገደሉት በዚህች ከተማ አካባቢ ነው። በትምህርት ቤት ዘመኑ 87 ጊዜ ግብ አስቆጠረ፤ ሄርሼል ዎከር በጆርጂያ ካስመዘገበው በአንድ ይበልጣል። የ1981 የውድድር ዘመን አብቅቶ እስኪፈርም ድረስ የመልማዮቹ ግርግር ከተማይቱን ስላጥለቀለቃት ደራሲው ዊሊ ሞሪስ ስለ እርሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። ልጁ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን መረጠ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 በተደረገው የፊየስታ ቦውል ጨዋታ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ 239 ያርድ ሮጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከአሰልጣኙ ጋር ሳይግባባ፣ ጉዳትም ደርሶበት፣ ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ሄደ። ወደ ደመወዝተኛ ሊግ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ጉልበቱ ተጎዳ። ያን ጊዜ ዕድሜው 20 ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሜዳ ተመልሷል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም የጠበቀው ዱፕሪ ዳግመኛ አልታየም።

ይህን ያነሣሁት አሜሪካውያን የተሻለ አድርገውታል ለማለት አይደለም። ዱፕሪም ያለ ዲግሪ ነው የቀረው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የእርሱ ውድቀት የተከሰተው ትምህርት ቤት የሚባል ተቋም ባለበት ውል ውስጥ ስለሆነ፣ ጥያቄው ወደ ተቋሙ መቅረብ ቻለ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር አንድ በአንድ ሊከተሉት የሚቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. አራት ዓመት ይጸና የነበረውን ነጻ የትምህርት ዕድል በየዓመቱ የሚታደስ አደረገው፤ ስለዚህ ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ ዕድሉ ሊነጠቅ ይችል ነበር። ብዙ ክስና ወቀሳ ከተከመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለብዙ ዓመት የሚጸና ውል ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ደግሞ ታላላቆቹ ሊጎች በስፖርት ብቃት ማነስ ወይም በጉዳት ምክንያት የትምህርት ዕድልን መንጠቅ ከለከሉ። ከመነሻው እስከዚህ 42 ዓመት ፈጀ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ክርክር አልተጀመረም፤ የሚነጠቅ የትምህርት ዕድል በውሉ ላይ ካልሰፈረ ነጠቃው አይታይምና።

የዕድሜ ነገርም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ አንድ ተጫዋች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይቀበልም። ሞሪስ ክላሬት የተባለ ራኒንግ ባክ ይህን ደንብ በፍርድ ቤት ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ረትቶ ነበር፤ በግንቦት ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረበት። ደንቡ የሊጉን ጥቅም ይጠብቃል እንጂ ለልጁ ታስቦ አልወጣም የሚሉ ተቺዎች ትክክል ይመስሉኛል። የሆነ ሆኖ ውጤቱ የ18 ዓመቱ ልጅ የሚገባበት አንድ በር ብቻ እንዲኖር ማድረጉ ነው፤ በሩም የዩኒቨርሲቲ ነው። ከኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች መካከል ወደ ደመወዝተኛው ሊግ የሚዘልቁት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። የቀሩት ከ98 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ የገቡበት ቦታ መጽሐፍ ቤት ነበረው።

የአሜሪካው ሥርዓት በአሁኑ ጊዜ እየተናወጠ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ መንገድ ከፈተ። ከዚህ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ፉትቦል ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ሀገር ሯጭ ግን የሥራ ገደብ ስላለበት ከዚህ ገበያ በአብዛኛው ውጪ ነው። «ልጆቻችንን ወደ አሜሪካ ኮሌጅ እንላክ» የሚል ቀላል መፍትሔ የሚያቀርቡ ወዳጆች ስላሉኝ ነው ይህን የምጠቅሰው።

የኮሌጁ በር ለምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች አዲስ አይደለም። ኬንያውያን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዋሽንግተን ስቴትና በቴክሳስ ኤል ፓሶ ዩኒቨርሲቲዎች ይሮጡ ነበር። ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ተማሪ ነበር። በኤርትራ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው መብ ክፍለዝጊ ከሳን ዲዬጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተመልምሎ ተምሯል፤ በአቴንስ ኦሊምፒክ የማራቶን ብር አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ቦስተን ላይ አሸንፏል። በቅርቡም ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል ለኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሌጆች የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ሆኗል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በሀገር ቤት ተምሮ በቀጥታ የተመለመለ ኢትዮጵያዊ ጎልቶ አይታይም። በ1970ዎቹ ለዚህ ሰበብ ነበረው፤ አብዮቱ፣ የመውጫ ቪዛው፣ የቦይኮቱ ዘመን። የዛሬው ምክንያት ግን ከዚህ ይለያል። ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ለከፍተኛው ምድብ የሚመለመል ተማሪ 16 መሠረታዊ የትምህርት ዓይነቶችን ከ2.3 በማያንስ አማካይ ውጤት እንዲያጠናቅቅ ይጠይቃል። የመግቢያ ፈተናውን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2023 አንሥቷል። ለረጅም ዘመንም ደመወዝ የተከፈለውንና ከወጪው በላይ ሽልማት የወሰደን ሯጭ ሲከለክል ኖሯል። በ16 ዓመቷ የክለብ ደመወዝተኛ የሆነች፣ በ17 ዓመቷም ከሽልማቷ ብዙውን ጊዜ 15 ከመቶ የሚወስድ ማናጀር የያዘች ልጅ፣ ስለዚህ በር ገና ሳትሰማ በሩ ይዘጋባታል። ሁለተኛ ደረጃን አላጠናቀቀችምና ደንቡ ቢላላም መግባት አትችልም። ማንም አልከለከላትም፤ የነገራት ሰው ግን የለም።

ሌላው የምልመላ በር ዜግነት ነው። በአዲስ አበባ የተወለደችው ኤልቫን አቤይለገሰ ለቱርክ፣ ዘነበች ቶላ የነበረችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ለባሕሬን ሮጠዋል። የዓለም አትሌቲክስ አስተዳዳሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2017 የዜግነት ዝውውርን አገደ፤ በቀጣዩ ዓመት እግዱን ሲያነሣ የሦስት ዓመት መጠበቂያ ጊዜ ደነገገ፤ ዕድሜው 20 ያልሞላ አትሌትም እንዳይዛወር ከለከለ። ስለዚህ የዓለሙ አካል ሀገር ለመለወጥ 20 ዓመትን ወሰን አድርጓል። ትምህርትን ትቶ ሩጫን ብቸኛ ሥራ ለማድረግስ? በሰበታ ወይም በለገጣፎ ያለች የ15 ዓመት ልጅ ይህን ውሳኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትወስናለች።

እስከዚህ ያልሁትን የሚያፈርስ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። አንድ አሰልጣኝ ይህን ቁጥር አንሥቶ፣ «መቶ ልጅ አስቀምጠህ ሦስት የሚያልፍበትን ፈተና ነው ከእኔ ክለብ የምታስበልጠው?» ቢለኝ አፌን ሞልቼ የምመልሰው የለኝም። ወላጁም ቁጥሩን ባያውቀው በዙሪያው ያየዋል። በሰበታና በቡራዩ ፋብሪካዎች በር ላይ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ለቀን ሥራ የሚሰለፉትን ያያል። መሬቱ ለቤትና ለፋብሪካ እየተሸነሸነ ልጁ የሚያርሰው እንደማይኖር ያውቃል። እንግዲህ ደመወዝ የሚከፍለውን ክለብ መምረጡ ከድንቁርና የመጣ አይደለም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ ማድረጌን እጠራጠራለሁ።

ነገር ግን መከራከሪያው ምልመላውን እንጂ የውሉን ባዶነት አይደግፍም። ትምህርቱ ደካማ መሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ እንዲቋረጥ ማድረጉን ትክክል አያደርገውም። ሁለቱ የግድ ይጣላሉ የሚለው እምነትም ሲፈተሽ እንደሚወራለት አይጸናም። የሩጫ ልምምድ ዋናው ክፍል በማለዳ ነው፤ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። በአካባቢው ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ። ችግሩ ፈረቃው መፈራረቁ ነው፤ ተማሪው አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ስለሚማር በየሁለት ሳምንቱ ወይ ልምምዱን ወይ ክፍሉን ያጣል። አንድ ርእሰ መምህር ሯጭ ተማሪዎችን ዓመቱን ሙሉ በከሰዓት ፈረቃ እንዲማሩ ቢፈቅድ ይህ ይወገዳል። አዋጅ አያስፈልገውም፤ በጀትም አይጠይቅም። እኔ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህን ሐሳብ አንድም ጊዜ አላቀረብሁም፤ ያልታየኝ ምናልባት የእኔም ሥራ ልጆቹን ማሳየት እንጂ ማቆየት መስሎ ይሰማኝ ስለነበር ይሆናል።

ውሉን በተመለከተ ሕጉ መነሻ ይሰጣል። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ ስለ እርሱ የሚፈርመው አሳዳሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከዚያ እስከ 18 ያለውን ወጣት ሠራተኛ ይለዋል፤ የቀን የሥራ ሰዓቱንም በ7 ይወስናል። የክለብ ሯጭ ደመወዝተኛ ከሆነ በዚህ ሚዛን ሊታይ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ የሕግ ባልደረቦቻችን ቢሞግቱኝ ደስታዬ ነው። በእኔ አስተያየት ከ18 ዓመት በታች ያለ ሯጭ የሚፈርምበት ማንኛውም ውል ፈራሚው ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ አለበት። ተማሪው የተመዘገበበት ትምህርት ቤት ስም በውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል። ክለቡ በጉዳት ምክንያት ውሉን ቢያቋርጥ ደግሞ ሯጩን በያዘበት ጊዜ ልክ የትምህርት ወጪውን መሸፈን ይገባዋል። የመጨረሻው ለክለቦች ከባድ ሸክም ይመስላል። ሆኖም የአንድ ተማሪ የማታ ትምህርት ክፍያ ከአንድ ጥንድ የመሮጫ ጫማ ዋጋ ጋር ቢነጻጸር የትኛው እንደሚበልጥ መልማዮቹ ራሳቸው ያውቃሉ።

የእኛ የዩኒቨርሲቲዎቹ ድርሻስ? በየተቋሞቻችን የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች አሉን፤ ስለ ሯጮች የሚጽፉ ተመራማሪዎችም እንዲሁ። ሯጮች ግን ተማሪዎቻችን አይደሉም። የተማሪ ምደባ በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት በማዕከል ሲሠራ ስለኖረ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ተሰጥኦ ያላትን ልጅ ቢያይ እንኳ «ወደ እኛ ነይ» ሊላት አይችልም ነበር። ይህ አሁን በከፊል ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ተፈጥሯል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። እስካሁን ስለ ራስ ገዝነት የተደረገው ውይይት በበጀትና በክፍያ ላይ ያተኮረ ነው። ብሔራዊውን ፈተና ላለፉ ጥቂት ሯጮች በየዓመቱ መቀመጫ መያዝ፣ ላላለፉት ደግሞ የማካካሻ መርሐ ግብርን በልምምድ ሰዓታቸው ልክ ማዘጋጀት በዚሁ ሥልጣን ውስጥ የሚቻል ይመስለኛል። ከለገዳዲ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ የአንድ ማራቶን ርቀት አይሞላም።

ለተመራማሪ ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ የምናጠናው የተሳካላቸውን ነው፤ ናሙናችንን የምንወስደው ከብሔራዊ ቡድንና ከታላላቅ ክለቦች ስለሆነ ሌላ ልናይ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2012 «የሯጮች ከተማ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ከበቆጂ ተነሥተው ወደ ክለብ የሄዱ ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከትሎ ነበር፤ አንድ ካሜራ ያደረገውን የምርምር ተቋም ሊያደርገው ይችላል። ሰነዱ ያለው በጃችን ነው። የለገጣፎ ለገዳዲን፣ የሱሉልታን፣ የቡራዩንና የሰበታን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመሸኛ መዝገብ የአሥር ዓመቱን ብናወጣ፣ ወደ ስፖርት ክለብ የሄዱትን ከነመነሻ ክፍላቸውና ዕድሜያቸው ማግኘት እንችላለን። ከዚያም ስንቱ በማታ ትምህርት፣ ስንቱ በርቀት ትምህርት እንደተመለሰ ከምዝገባ ሰነዶች ጋር ማመሳከር ይቻላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ለሁለት የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች ግን ይበቃል።

እንዲህ ያለውን ጥናት የሚጀምር ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። በመሸኛው ቅጽ ላይ የመልቀቂያ ምክንያት በሚለው መስመር የሚያገኘው ቃል ሁሉ የተማሪው አይደለም። ከእነዚያ ቃላት መካከል ቢያንስ አንዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ።